ከባሕር በታች ስለ መጥለቅና ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
ለደጋ አገር ቤተ ሰብ የሚገባ ምክር

ሰው ከዕለት ሥራው ዐርፎ የሚቈይበት ጊዜ በሁለት መንገድ ያልፋል። አንደኛው ዕድሜን ብቻ የሚያሳልፍ ዕረፍት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰውነትን የሚያበረታ፥ አእምሮን የሚያሰፋ፥ የፈጣሪንም ሥራ የሚያስደንቅ ዕረፍት ነው። አባቶቻችን ከችሎትና ከአደባባይ ሲመለሱ ፈረስ ይጋልቡ፥ ጉግስ ይጫወቱ፥ ለአደንም ይወጡ ነበር፤ በዚህም ልጆቻቸው ድፍረትንና ሥርዓትን አብረው ይማሩ ነበር። ፈረስን ያለ ልጓም፥ ጠመንጃንም ያለ ጥንቃቄ የያዘ ልጅ ራሱንም ባልንጀራውንም እንደሚጐዳ ያውቁ ስለ ነበር፥ ጨዋታውን ከማስተማራቸው አስቀድመው ሕጉን ያስተምሩት ነበር።

ዛሬ የምንናገርለት ጨዋታ ከፈረስ ይልቅ ልጓም የሚያስፈልገው ነው። ይኸውም የአየር መሣሪያ በጀርባ ተሸክሞ ከባሕር በታች መጥለቅና በዚያ ያለውን ፍጥረት ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ይህን የመጥለቅ ዘዴ ስኩባ ይሉታል። በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ለእንጀራቸው ሳይሆን ለደስታቸው ይዘውታል።

እኛ በአኖ፥ በስሬና በነቀምት የምንኖር የወለጋ ሰዎች ይህን ስንሰማ የሩቅ አገር ወሬ ይመስለን ይሆናል። ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው፤ በደጃችን የሚያልፈው ግቤ ነው፤ ወደ ምዕራብ ብንሄድም የምናገኘው ዴዴሳን ነው። ነገር ግን ከነቀምት ተጭኖ በአኖና በባኮ በኩል የሚያልፈው ቡና መርከቡን የሚያገኘው በጅቡቲ ወደብ ነው። ቡናው በሚሄድበት መንገድ ሰውም ይሄዳል። ነጋዴው፥ የጭነት መኪና ነጂው፥ የመንግሥት ሠራተኛው፥ ዕረፍት ያገኘውም ተማሪ ከባሕሩ ዳር ይደርሳል፤ በዚያም ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስጠልቀው ሰው አያጣም። ደስ ብሎትም ወደ ደጋው ቤቱ ይመለሳል። ከፍ ካለ አገር ለሚኖር ሰው ከመጥለቁ ይልቅ መመለሱ ትልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የጠላቂው ብቻ ሳይሆን እርሱን በቤት የሚጠብቁት የእናቱ፥ የሚስቱና የልጆቹም ጉዳይ ነው። ይህን ጽሑፍ ለቤተ ሰብ ገጽ የመረጥነውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጥበቡ አነሣሥ እንናገር። ስለ ታላቁ እስክንድር የሚነገረው የጥንት ታሪክ፥ ንጉሡ በመስታወት ሣጥን ገብቶ ወደ ባሕር ጥልቅ እንደ ወረደ ያወራል። ታሪኩ ተረት ቢሆንም የሰው ልጅ ምኞት ምን ያህል የቈየ እንደ ሆነ ያሳያል። በቀይ ባሕርም በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ዕንቁ አውጪዎች ለብዙ ዘመን ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠልቁ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ሥራ በአንድ ትንፋሽ የተወሰነ ነበር፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ዕንቁው ቢገኝም ባይገኝም መውጣት ግድ ነው።

ይህን ወሰን ያሰፉት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። የባሕር ኃይል መኰንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በ1943 ዓመት አዲስ የመተንፈሻ መሣሪያ ሠሩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። መሣሪያው በብረት ሲሊንደር ታምቆ የተቀመጠውን አየር፥ ጠላቂው ሲስብ ብቻ፥ እርሱ ካለበት ጥልቀት ጋር በተስተካከለ ኃይል የሚሰጥ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ጠላቂዎች ከባድ የመዳብ ቍር ደፍተው፥ ከመርከብ በሚመጣ ረዥም የአየር ቧንቧ ታስረው ይሠሩ ነበር። ከ1943 በኋላ ግን ጠላቂው እስራቱን ፈትቶ እንደ ዓሣ መዋኘት ጀመረ።

አዲሱ ጥበብ ከታየባቸው ባሕሮች ሁሉ ቀይ ባሕር ዋና ሥፍራ አግኝቷል። የኦስትርያው ተወላጅ ሐንስ ሐስ በ1949 እና በ1950 በሱዳን ወደብ አጠገብ ጠልቆ ፎቶግራፍና ፊልም አነሣ። በሁለተኛው ጉዞው ጸሐፊው ሆና ትሠራ የነበረችው ሎተ ባይርል አብራው ሄደች። እርሱ ሴት ለዚህ ሥራ አትሆንም ብሎ አስቀድሞ ቢያመነታም፥ እርስዋ ፎቶግራፍ ማንሣቱንም መጥለቁንም ተምራ ችሎታዋን በሥራዋ አስመሰከረች፤ በኋላም ባለቤቱ ሆነች። ኩስቶ ደግሞ ያሠራው «ዝምተኛው ዓለም» የተባለ ፊልም በ1956 በካን ከተማ የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ። በ1963 ዓመትም የእርሱ ሰዎች በሱዳን ጠረፍ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት ሠርተው አንድ ወር ከውሃ በታች ኖሩ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ባሕር የተለየ አልነበረም። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ዓመት መጨረሻ፥ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የኢጣልያ የጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጣ፤ እስከ 1953 ድረስም ሥራውን ቀጠለ። ከቡድኑ አንዱ የነበረው ፎልኮ ኵዊሊቺ ካነሣው ፊልም በ1954 «ስድስተኛው ክፍለ ዓለም» የተባለው ሥራ ወጣ። ስሙም የተሰጠው ከውሃ በታች ያለው አገር ከአምስቱ ክፍለ ዓለም ሌላ እንደ ሆነ ለማመልከት ነው። በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት በእነዚሁ ደሴቶች ዓሣውንና ኮራሉን መረመሩ። ምጽዋና ዳህላክ ከ1993 ጀምሮ ነጻ መንግሥት ባቆመችው በኤርትራ ግዛት ውስጥ ናቸው።

የወለጋም ሰው ይህን ባሕር ከጥንት ያውቀዋል፤ ዕውቀቱ ግን በደስታ የተገኘ አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት አናሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ከምዕራብ አገር እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ በ1870 በዚያው ወርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣቸው። በስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ተምረው በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ በ1931 እስካረፉ ድረስም በነቀምት አስተማሩ። በዚያን ዘመን የምዕራብ ልጅ ባሕርን የሚያየው ተገዶ ነበር። ዛሬ ግን ልጃችን በፈቃዱ ሄዶ፥ ተምሮና ተደስቶ መመለስ መቻሉ የሚያስመሰግን ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ እንምጣ። በውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ የማንሣት ሙከራ ስኩባ ከመገኘቱ አስቀድሞ ጀምሯል። በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ቶምሰን በዌይመዝ የፎቶግራፍ መሣሪያውን በሣጥን አድርጎ ወደ ባሕር አወረደ፤ ያገኘው ሥዕል ግን እጅግ የደበዘዘ ነበር። በ1893 ፈረንሳዊው ሉዊ ቡታን በባንዩል ባሕር ራሱ ጠልቆ አነሣ። በ1926 ዊልያም ሎንግሌይና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ አጠገብ የዓሣን ሥዕል ከነቀለሙ አነሡ፤ ብርሃን እንዲያገኙም በውሃው ላይ በታንኳ የማግኒዝየም ዱቄት ያቃጥሉ ነበር። በ1963 ኒኮን የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ኒኮኖስ የሚባለውን ውሃ የማያስገባ ካሜራ ካወጣ በኋላ ሥራው ለተራው ሰው ቀለለ። አሁን ደግሞ በእጅ የሚያዘውን ስልክ እንኳ ውሃ በማያስገባ ሣጥን ከትቶ ማንሣት ይቻላል።

መሣሪያው ይቅለል እንጂ ጥበቡ አልቀለለም። ውሃ ብርሃንን እየመረጠ ይውጣል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ቀለም ነው፤ ከጥቂት ሜትር በታች ቀዩ ዓሣ ግራጫ ይመስላል። ቀጥሎ ብርቱካኑና ቢጫው ይደክማሉ፤ በመጨረሻ የሚቀረው ሰማያዊው ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ብርሃኑን ራሱ ይዞ መውረድ አለበት። ብርሃኑንም ከካሜራው ዐይን አጠገብ ቢያደርገው በውሃው የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ እንደ በረዶ ነጥቦ ሥዕሉን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ወደ ጎን አርቆ ይይዘዋል። ከዚህም በላይ በውሃ ውስጥ በመስታወት የሚታይ ነገር ከልኩ በሲሶ ያህል ገዝፎ፥ ቀርቦም ይታያል። ከሩቅ ሆኖ ያነሣ ሰው የሚያገኘው ጭጋግ ነው፤ መልካም ሥዕል የሚገኘው ቀርቦ፥ ትንፋሽን አረጋግቶ፥ ፍጥረቱን ሳያስደነግጡ በመታገሥ ነው።

ከጅቡቲ አጠገብ ባለው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው ዓሣ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ እርሱን የሚያህል የለም፤ ከ12 ሜትር የሚበልጥም አለ። ነገር ግን የሚመገበው በውሃ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ፍጥረቶች ስለ ሆነ ሰውን አያጠቃም። የዮናስን ታሪክ በሕፃንነታችን ለተማርን ሰዎች፥ ይህን የሚያህል ፍጥረት በአጠገባችን በጸጥታ ሲያልፍ ማየት ልብን የሚያርድ ነገር ነው። ሊዳስሰው የሚሮጥ፥ መንገዱንም የሚዘጋበት ሰው ግን እንግድነቱን የረሳ ነው። ኮራልም ድንጋይ ቢመስል ሕያው ነው፤ በዝግታ ያድጋል፥ በእግር ሲረገጥ ይሞታል፥ ባሕሩም ከልክ በላይ ሲሞቅ ይነጣል። የመልካም ጠላቂ ምልክቱ ከባሕር ሥዕል እንጂ ሌላ ነገር ይዞ አለመውጣቱ ነው።

ይህ ሁሉ የደስታ ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ለደስታ የተማሩት ጥበብ ለምሕረት ይሆናል። በ1996 ኖቬምበር 23 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በወንበዴዎች ተጠልፎ፥ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን በተቻላቸው መጠን ወደ ጠረፍ አስጠግተው ነበር። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ዳኑ። በዚያ ሥፍራ ዕረፍታቸውን ያሳልፉ የነበሩ ሐኪሞችና ጠላቂዎች፥ ከደሴቲቱ ሰዎች ጋር ሆነው በጀልባ ደርሰው የተረፉትን አወጡ። ከሞቱት ብዙዎቹ በደረታቸው ያሠሩትን የመንሳፈፊያ ልብስ ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ በአየር በመሙላታቸው፥ ውሃው ወደ ጣራው አንሥቶ እንዳይወጡ ከለከላቸው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ውሃን የለመደ ሰው በችግር ቀን ለብዙዎች መዳኛ እንደሚሆን ነው፤ ሁለተኛውም፥ መልካሙ መሣሪያ እንኳ ሕጉን ካልጠበቁለት እንደሚገድል ነው።

ስለዚህ የውሃን ሕግ በመጠኑ እንግለጥ። በባሕር ዳር በቆመ ሰው ላይ ያለው አየር የሚጫነው አንድ አትሞስፌር በሚባል ልክ ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ይህን የሚያህል ጫና ይጨመራል። በ10 ሜትር ሁለት፥ በ20 ሜትር ሦስት፥ በ30 ሜትር አራት አትሞስፌር ይሆናል። ከዚህም ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው የአየሩ ማለቅ ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 አትሞስፌር ቢሞላ 2400 ሊትር አየር ይሆናል። አንድ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ፥ ይህ አየር በውሃው ላይ 120 ደቂቃ ይበቃዋል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግን 60 ደቂቃ፥ በ20 ሜትር 40 ደቂቃ፥ በ30 ሜትር 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ያውም ሳይደነግጥ ቢተነፍስ ነው፤ የደነገጠ ሰው እጥፍ ይጨርሳል። ሲሊንደሩንም እስከ መጨረሻው አሟጦ መውጣት አይገባም፤ የተረፈ አየር ይዞ መውጣት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው የትንፋሽ ነገር ነው። በ10 ሜትር ላይ ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን እንደ ያዘ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው፥ በሳንባው ያለው አየር እጥፍ ሊሆን ይፈልጋል፤ ሳንባውም ይቀደዳል። የመጥለቅ ትምህርት የመጀመሪያው ትእዛዝ፥ ከሲሊንደር እየተነፈሱ ትንፋሽን ከቶ አለመያዝ ነው። ዕንቁ አውጪው ትንፋሹን ይዞ በሰላም የሚወጣው አየሩን የሳበው ከውሃ በላይ ስለ ሆነ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው። ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። በጫና ሲተነፍሱት ወደ ደምና ወደ ሥጋ ሟምቶ ይገባል፤ ጫናው ሲቀንስም ተመልሶ ይወጣል። ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፍባት የአምቦ ከተማ ውሃዋ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ጠርሙሱ እንደ ተከደነ ሳለ በውስጡ አንዳች የሚታይ ነገር የለም፤ በድንገት ሲከፍቱት ግን ይፈላል፥ ይገነፍላልም። ቀስ አድርጎ የከፈተው ሰው ሳይፈስበት ይጠጣዋል። በጠላቂውም ሰውነት እንዲሁ ነው፤ ፈጥኖ የወጣ እንደ ሆነ ናይትሮጅኑ በደሙ አረፋ ይሆናል። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር በ1878 የዚህን ሕመም ምክንያት ገለጠ፤ የብሪታንያው ጆን ስኮት ሃልዴን ደግሞ በ1908 ጠላቂዎች በምን ያህል ዝግታ መውጣት እንደሚገባቸው የሚያስረዳ ሠንጠረዥ አወጣ። ዛሬ የተለመደው ሥርዓት በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ መውጣትና በ5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆሞ ማረፍ ነው። ጀማሪ ከ18 ሜትር፥ የተማረውም ለደስታ ሲጠልቅ ከ40 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን በተለይ እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ከላይ የተነገረው ሕግ የወጣው በባሕር ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ከፍታ ወዳለው አገር የሚመለስ ሰው ግን ከባሕሩ ከወጣ በኋላም መውጣቱን ይቀጥላል። ጠርሙሱ ገና እየተከፈተ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፤ ነቀምትም ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ጫና በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል።

የአውሮፕላን ጉዞ ይህን ያፈጥነዋል። በበረራ ጊዜ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ያለውን አየር ሊመስል ይችላል። ወደ ቈላ አገር የሚበር ጠላቂ አውሮፕላኑ ሲያርፍ የአየሩ ጫና ይመለስለታል። ወደ አዲስ አበባ የሚበር ጠላቂ ግን ቢያርፍም አይመለስለትም፤ የወረደበት መሬት ራሱ የበረራውን ያህል ከፍ ያለ ነውና። ከዚያም ወደ ወለጋ በመኪና ቢጓዝ፥ ቀኑን ሙሉ የሚሄደው በከፍታ ላይ ነው። በባቡርና በመኪና ከጅቡቲ የሚወጣውም ሰው ዘግይቶ ይድረስ እንጂ የሚደርስበት ከፍታ ያው ነው።

የጠላቂዎች ሐኪሞች ያወጡት መመሪያ እንዲህ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት ይቈይ፤ ብዙ ጊዜ ወይም በተከታታይ ቀኖች የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቈይ፤ ሲወጣ በየደረጃው መቆም የሚያስገድድ ጥልቀት የደረሰውም ከዚህ አብልጦ ይቈይ። እኛ ግን ለአገራችን ሰው የምንመክረው ከእነዚህ መካከል መምረጥን ትቶ ሙሉ ቀንና ሌሊት፥ ማለት 24 ሰዓት፥ በባሕሩ ዳር እንዲያርፍ ነው። የዕረፍቱን የመጨረሻ ቀን ለየብስ ይተው፤ ገበያ ይይ፥ ለልጆቹ ስጦታ ይግዛ፥ ያነሣቸውንም ሥዕሎች ይምረጥ።

የቤተ ሰቡ ድርሻ የሚመጣው በዚህ ነው። ከባሕር የተመለሰ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ትከሻውን ወይም ጕልበቱን ቢቈረጥመው፥ ቆዳው ቢያሳክከው፥ እጅ እግሩ ቢደነዝዝ፥ ቢያዞረው ወይም ሽንቱ ቢከለከል፥ ቤት ያሉት የመንገድ ድካም ነው፥ ብርድ ነው፥ ቍርጥማት ነው ብለው ቅቤ ሊቀቡትና ሊያሹት ይችላሉ። ይህ በፍቅር የሚደረግ ስሕተት ነው። ሕመምተኛውን አስተኝቶ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መውሰድ፥ ከሁሉም አስቀድሞ «በዚህ ቀን በዚህን ያህል ጥልቀት ባሕር ገብቶ ነበር» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚሰጠው ንጹሕ ኦክሲጅን ነው፤ ዋናው ሕክምናም የአየር ጫና በሚጨመርበት ክፍል አስገብቶ በዝግታ መመለስ ነው። ሐኪሙ ባሕር መግባቱን ካልሰማ ግን የሕመሙን ምክንያት ከየት ያውቀዋል?

በአገራችን ሐይቆች ልጥለቅ ለሚልም ሰው ሕጉ ከባሕሩ ይልቅ ይጠብቅበታል። ከ300 ሜትር በላይ ባለ ውሃ የባሕሩ ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራም። የጣና ሐይቅ ከባሕር በላይ 1800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በዚያ ጫናው እጥፍ የሚሆነው ገና በ8 ሜትር ጥልቀት ግድም ነው። ስለዚህ ለከፍታ የተሠራውን ሠንጠረዥ የማያውቅ አስተማሪ በደጋ ሐይቅ ሰው ሊያስጠልቅ አይገባውም።

ወንዞቻችንም የራሳቸው አደጋ አላቸው። በክረምት ይደፈርሳሉ፥ ግንድና ድንጋይ ያንከባልላሉ፤ በዴዴሳ ጕማሬና አዞ ይኖራሉ። ዝግ ብሎ በሚፈስ ወይም በቆመ ውሃ ደግሞ ቢልሃርዝያ የሚባለውን ሕመም የምታስተላልፍ ትንሽ ቀንድ አውጣ ትገኛለች፤ በፊንጫ ሸለቆ ይህ ሕመም እንዳለ በምርመራ ታውቋል። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየታቸውና በዚህም ምርምር መጀመራቸው በዓለም የታወቀ ነው። ውሃውን ሳይመረምሩ መግባት ግን ዛሬም የሚያስቀጣ ድፍረት ነው።

እንግዲህ በአኖ ያለ ቤተ ሰብ ከዚህ ጥበብ ምን ሊያገኝ ይችላል? ባሕር ከመሄድ በፊት በቤት የሚጀመር ብዙ ነገር አለ። ከታቹ መስታወት በተገጠመ ሣጥን ጥልቀት በሌለው ጥሩ ውሃ ውስጥ መመልከት ለልጆች ታላቅ ደስታ ነው፤ ዐዋቂ ሰው ግን በአጠገባቸው ይቁም። በቤትም ትንሽ የመስታወት ገንዳ አዘጋጅቶ ቀረሶ ዓሣ ቢያኖሩ፥ የካሜራውን ዐይን ከመስታወቱ ጋር አገጣጥሞ ከጎን ብርሃን በመስጠት ከላይ የተናገርነውን ጥበብ መለማመድ ይቻላል። እንዲህ የተለማመደ ልጅ አንድ ቀን ታጁራ ቢደርስ ዐይኑም እጁም የሠለጠነ ይሆናል።

ምክራችንን በአጭሩ እንደሚከተለው እንሰበስባለን።

1ኛ፤ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም ከሁሉ አስቀድሞ ዋና ይማሩ። ዋና ያልተማረ ሰው የአየር መሣሪያ ቢሸከም ሸክም እንጂ ረዳት አይሆነውም።

2ኛ፤ መጥለቅን ከተመሠከረለት አስተማሪ መማር ይገባል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከ10 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ለሙሉው ትምህርት አይቀበሉም።

3ኛ፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይጥለቅ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ከቶ አትጥለቅ፤ ጉንፋን የያዘውም ጆሮው እንዳይጐዳ እስኪሻለው ይታገሥ።

4ኛ፤ ብቻውን የሚጠልቅ አይኑር። ባልንጀራው አየሩ ቢያልቅበት የሚያካፍለው፥ ቢደነግጥ የሚይዘው እርሱ ነው።

5ኛ፤ ፎቶግራፍ ማንሣትን መጥለቅ በሚገባ ከተማሩ በኋላ ይጀምሩ። ዐይኑ በካሜራ የተያዘ ጀማሪ የአየሩን ልክና ባልንጀራውን ማየት ይረሳል።

6ኛ፤ ሴቶችን ከዚህ ጥበብ መከልከል አይገባም። በጃፓን አገር አማ የሚባሉ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ በትንፋሻቸው እየጠለቁ ቤታቸውን ያስተዳድራሉ።

7ኛ፤ ወደ ደጋ ከመመለስ በፊት 24 ሰዓት በባሕር ዳር ማረፍ፤ ቤተ ሰቡም የጠለቀበትን ቀን አስቀድሞ ይወቅ።

ብዙ ጊዜ ለልጆቻችን ወይ ሁሉን እንከለክላለን፥ ወይ ሁሉን እንፈቅዳለን። መከልከሉ ድፍረታቸውን ያመነምነዋል፤ ያለ ትምህርት መፍቀዱም ለአደጋ ይሰጣቸዋል። ውሃ ይግባኝ የማይቀበል ዳኛ ስለ ሆነ፥ ሕጉን አስቀድሞ ማስተማር የአባትና የእናት ፈንታ ነው። ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ወደ ባሕር ለመሄድ ሲነሣ፥ ስንቁንና ልብሱን ስታዘጋጁ የመመለሻውን ቀን አብራችሁ ቍጠሩ፤ በዚያም ላይ አንድ የዕረፍት ቀን ጨምሩለት። ያነሣውንም ሥዕል ይዞ በሰላም ሲመለስ፥ ባሕርን ያላዩት አያቱ ሳይቀሩ የፈጣሪን ድንቅ ሥራ በቤታቸው ተቀምጠው ያያሉ።